የብሉ ባጅ ሕግ ከሱፐርማርኬት በር ለምን አያልፍም?

በብሪታንያ ሱፐርማርኬቶች በር አጠገብ ለአካል ጉዳተኞች የተለዩ የመኪና ማቆሚያዎችን ብሉ ባጅ የተባለው የአካል ጉዳተኞች የማቆሚያ ፈቃድ የሌላቸው ሾፌሮች «ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው» እያሉ መያዛቸው ለዓመታት ሲያነጋግር ኖሯል። ወቀሳው ሁሌም የሚያርፈው በሾፌሮቹ ይሉኝታ ማጣት ላይ ነው። እውነትነት አለው፤ ነገሩን ያቆየው ግን ሌላ ነው። ባጁን የሚያስከብረው ሕግ የወጣው ለመንገድ ሲሆን የሱፐርማርኬት ግቢ ደግሞ የግል መሬት ነው።

የባጁ መነሻ የማንቸስተር ዋይዘንሾው የፓርላማ ተወካይ አልፍ ሞሪስ አቅርበውት በ1970 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሕግ ነው። በዓመቱ ብርቱካናማ ባጅ መታደል ጀመረ፤ በ2000 ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች ጋር እንዲመሳሰል ሰማያዊ ሆነ። ባጁ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለመኪና አይደለም። ባለቤቱ በማንም መኪና ቢሄድ ይጠቀምበታል፤ እሱ በሌለበት ዘመዱ ቢገለገልበት ግን እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል።

ቦታው የሚፈለገው ለበር ስለሚቀርብ ብቻ ይመስላል እንጂ ዋናው ስፋቱ ነው። በተለመደው 2.4 ሜትር ላይ በጎን 1.2 ሜትር የተሰመረ ባዶ ቦታ ይጨመርለታል፤ የመኪናው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ዊልቸር እንዲጠጋ ነው። ስለዚህ ለባለ ዊልቸር ጠባብ ቦታ ቢገኝለትም አማራጭ አይሆነውም፤ ከመኪናው መውረድ አይችልማ። በተሰመረው ባዶ ቦታ ላይ የሚያቆም ሾፌርም ጉዳቱ ያው ነው።

በመንገድ ዳር ቢሆን የካውንስሉ ተቆጣጣሪ ቅጣት ለጥፎ ይሄዳል። በሱፐርማርኬቱ ግቢ ያለው የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ነው። እሱም ሱፐርማርኬቱ ለአካል ጉዳተኛ ደንበኞቹ ተገቢውን ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል እንጂ ቦታውን የያዘውን ሾፌር አይቀጣም። በግል መሬት ላይ ጎማ መቆለፍም በእንግሊዝና በዌልስ ከ2012 ወዲህ ተከልክሏል። የቀረው ውል ነው፤ ሾፌሩ ግቢው ውስጥ የተለጠፈውን ደንብ ተቀብሎ እንደገባ ይቆጠራል፤ ከጣሰ አንድ የግል ኩባንያ የክፍያ ደብዳቤ ይልክበታል። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቼልምስፎርድ የገበያ ማዕከል ከተፈቀደው ሰዓት በላይ የቆየ ሾፌር የተጠየቀውን 85 ፓውንድ ስላጸናው አሠራሩ ተጠናከረ።

ብዙዎቹ ኩባንያዎች የሚተማመኑት ግን መግቢያው ላይ በተተከለ ታርጋ አንባቢ ካሜራ ነው። ካሜራው መኪናው የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ይመዘግባል እንጂ የት እንደቆመ፣ ባጅ እንዳለው አያይም። ውጤቱም የተገላቢጦሽ ሆኗል፤ የአምስት ደቂቃው ሾፌር ያመልጣል፣ ዊልቸሯን አውርዳ፣ ገብይታ፣ መልሳ እስክትጭን ሰዓቱ ያለፈባት ባለ ባጅ ደብዳቤ ይደርሳታል። እየዞረ ባጅ የሚያይ ሰው መቅጠር ደግሞ ወጪ አለው።

በዓይን ገምቶ መፍረድም አያዋጣም። በእንግሊዝ ከነሐሴ 2019 ጀምሮ ባጁ በውጭ የማይታይ ችግር ላለባቸውም፣ ለምሳሌ ከቤት መውጣት ከባድ ጭንቀት ለሚያስከትልባቸው ሰዎች መሰጠት ጀምሯል። «ይኸው በእግሩ ይሄዳል» ማስረጃ አይሆንም።

ፓርላማው በ2019 የግል ፓርኪንግ ኩባንያዎች የሚመሩበት ደንብ እንዲወጣ ሕግ አጸደቀ። መንግሥት ደንቡን በየካቲት 2022 ቢያወጣም፣ ኩባንያዎቹ በፍርድ ቤት ስለሞገቱት በሰኔ መልሶ አነሳው። እስካሁን ባለው አሠራር፣ ቦታው ተይዞበት የሚያገኝ ባለ ባጅ ካውንስል ጋ ቢደውል ብዙ ጊዜ መልሱ «ግቢው የእኛ አይደለም» ነው። አቤቱታው ለሱፐርማርኬቱ ሥራ አስኪያጅ፣ በጽሑፍ፣ የ2010ሩን ሕግ ጠቅሶ ቢቀርብ ይሻላል፤ ደንበኛው ቦታውን እንዲያገኝ የማድረግ ግዴታ ያለበት ሱፐርማርኬቱ ነውና።