አረፋው
ክፍል 7

ካለፈው ሳምንት የቀጠለ

«10.3 ቢሊዮን ዶላር ከፈሉ ተብሎ የለ እንዴ! የኛ ድርሻ ስንት ነው?» አለ አባዬ፣ ወንበሩ ላይ በቅጡ ሳይቀመጥ።

ጠበቃው ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገ የኛው ልጅ ነው። አማርኛው ይኮላተፋል፣ ሥራውን ግን ያውቃል። «ጋሼ፣ አረፋ ይሠራ የነበረው ኩባንያ፣ ስሪኤም፣ በ2023 የተስማማው ከመጠጥ ውሃ አቅራቢዎች ጋር ነው። የታመሙ ሰዎች ክስ ሌላ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠር መዝገብ ቻርልስተን ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ተከማችቷል። መጀመሪያ አረፋው የት እንደነካዎት ይንገሩኝ።»

«የት ያልነካኝ ቦታ አለ!»

የኤርፖርት እሳት አደጋ ሠራተኛ ሳለ ነዳጅ እየለኮሱ ይለማመዱ ነበር። አረፋው ነዳጁን በስሱ ይሸፍነዋል፣ አየር ያሳጣዋል፣ እሳቱ ጭጭ። ከዚያ ጓንት ማን አስታውሶ! ቱቦውን በባዶ እጅ ይጠቀልላሉ። የራሰውን ልብስ ቤት ያመጣዋል፤ እማዬ ከኛ ልብስ ጋር አንድ ላይ ታጥበዋለች። «ሳሙና ነው ይሉን ነበር» አለ። ውስጡ ያለው ፒፋስ የሚሉት ኬሚካል ደም ውስጥ ለዓመታት እንደሚቆይ ማን ይንገረው? ከነዚሁ ኬሚካሎች አንዱን፣ ፒኤፍኦኤን፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር አምጪ ነው ብሎ የመደበው በ2023 ነው። የአባዬ ግራ ኩላሊት ከወጣ አራት ዓመት አልፎት ነበር።

ጠበቃው «2019» ብሎ ጻፈና እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ሜሪላንድ የሚሰጠን ሦስት ዓመት ነው። ቆጠራው ግን ከታመሙበት ቀን ላይጀምር ይችላል፤ ሕመሙ ከአረፋው ጋር እንደሚያያዝ ካወቁበት፣ ወይም ማወቅ ከነበረብዎት ቀን ነው። መቼ ሰሙ?»

«ዘንድሮ! ከዚህች ልጅ አፍ።»

እኔ ከቤት ያመጣነውን ፌስታል እያራገፍኩ ነበር። (ወረቀት የሚጥል ሐበሻ አላውቅም፤ የሚያነብ ግን ብርቅ ነው።) የደመወዝ ደረሰኝ፣ የሥልጠና ሰርተፍኬት፣ ከሥሩ ደግሞ ከሠራተኛ ማኅበሩ ለአባዬ የተላከ ደብዳቤ። ቀኑ ማርች 2020። ሁለተኛው መስመር ላይ አረፋውና የኩላሊት ካንሰር አብረው ተጠቅሰዋል።

ፖስታው ተከፍቷል። ጀርባው ላይ የእቁብ ሒሳብ ተደምሯል፤ ቁጥሩም ፊደሉም የእማዬ እጅ ነው።

ዞር ብዬ አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ከኦፕራሲዮን ላልዳነ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ እንደማይነገር ከእሷ በላይ የሚያምን የለም።

«እሱ ምንድን ነው?» አለ ጠበቃው፣ እጁን ዘርግቶ።

እማዬ ቀደመችው። ደብዳቤውን ከእጄ መነጨቀችና ተነሣች።

ይቀጥላል