ኖርዌይ፣ ተራራው በነፃ ትምህርቱ በክፍያ

ለትምህርት ወደ ውጭ የሚጓዝ ሰው የሄደበትን አገር በቅጡ ሳያይ መመለሱ የተለመደ ነው። ዋናው ምክንያት ገንዘብ ነው። ኖርዌይን በመሰለ ሁሉ ነገር ውድ በሆነበት አገር ተማሪ ከመኝታ ክፍሉና ከቤተ መጻሕፍቱ ባይወጣ አይፈረድበትም። ነገር ግን በዚያ አገር ከሁሉ የሚያምረው ነገር፣ ማለትም ተራራው፣ ጫካውና የባሕር ዳርቻው፣ ክፍያ አይጠየቅበትም።

ይህ የአገሬው ሰው ቸርነት ሳይሆን ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ሕግ፣ ያልታረሰ መሬት የግለሰብ ይዞታ ቢሆንም እንኳ ማንም ሰው በእግሩ እንዲያልፍበትና እንዲያርፍበት ይፈቅዳል። የውጭ ዜጋ ከአገሬው አይለይም። ድንኳን የሚተክል ሰው ግን ሰው ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር መራቅ አለበት። ራቅ ካለ ሥፍራ በስተቀርም ከሁለት ሌሊት በላይ ለመቆየት ባለ መሬቱን ማስፈቀድ ይኖርበታል።

መንገድ እጠፋለሁ ብሎ መሥጋት ብዙም አያስፈልግም። በ1868 የተቋቋመው የኖርዌይ የእግር ተጓዦች ማኅበር መንገዶቹን በቀይ ቀለም በተጻፈ የ«ቲ» ፊደል ምልክት አድርጎባቸዋል። ማደሪያ ጎጆዎችም አሉት። በአንዳንዶቹ አስተናጋጅ የለም፤ እንግዳው በአባልነት ባገኘው ቁልፍ ከፍቶ ይገባል፣ ከጓዳው የታሸገ ምግብ ያነሳል፣ የተጠቀመውን ራሱ መዝግቦ ይከፍላል። ስለ ኖርዌያውያን መተማመን ከሚሰጥ ሌክቸር ይልቅ አንድ ሌሊት እዚያ ማደር ይበልጣል።

ሰዎቹንም በደንብ የሚያገኟቸው እዚያው ነው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠውን ቀና ብሎ የማያይ ሰው ተራራ ላይ ሲያገኝዎት ሰላምታ ይሰጥዎታል። «ዱግናድ» የሚሉት ልማድም አላቸው። ጎረቤት ተሰባስቦ ያለ ክፍያ ግቢ የሚያጸዳበት፣ ከዚያም አብሮ የሚበላበት፣ የእኛን ደቦ የሚመስል ነገር ነው። ከተጠሩ አይቅሩ።

የበርገን ከተማን ከከበቡት ተራሮች ረጅሙ ኡልሪከን 643 ሜትር ብቻ ነው። እንጦጦን ለሚያውቅ ሰው ጉብታ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ አደጋው ከፍታው ሳይሆን በድንገት የሚወርደው ጉምና ዝናብ ነው። የአገሪቱ የተራራ ጉዞ ደንብም በጊዜ መመለስ እንደማያሳፍር ይመክራል።

ቀድሞ በርካታ ኢትዮጵያውያን በኮታ የነፃ ትምህርት ዕድል ወደዚያ ይሄዱ ነበር። ያ ዕድል ተዘግቷል። ከ2023 መኸር ጀምሮም ከአውሮፓ ውጭ የሚመጡ አዲስ ተማሪዎች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ ይጠየቃሉ። በዩኒቨርሲቲዎች የልውውጥ ስምምነት ለአንድ ሴሚስተር የሚሄድ ተማሪን ግን ይህ ክፍያ አይመለከተውም። ምርጫ ከተሰጠ በኦገስት የሚጀምረው ሴሚስተር ይሻላል፤ መንገዱ ከበረዶ የጸዳ ነው፣ የጫካው እንጆሪ መሰል ፍሬም ይደርሳል። በጃንዋሪ የሚሄድ ሰው ጨለማና በረዶ ይጠብቀዋል፤ ማካካሻው የ1814ቱ ሕገ መንግሥት የሚታሰብበት ሜይ 17 ነው። በዚያ ዕለት የየትምህርት ቤቱ ሕፃናት ባንዲራ ይዘው በየጎዳናው ይሰለፋሉ።