የማንም ዓይን ያላነበበው ቁጥር

ስለ ተጠያቂነት ብዙ ጽፈናል፤ ብዙም ተከራክረናል። መንግሥት ላወጣው ገንዘብ ደረሰኝ ያቅርብ እንላለን፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ለመሆኑ ይህን የምንል ሰዎች፣ ቤታችን የሚመጣውን የመብራት ሂሳብ ቆጣሪው ከሚያሳየው ጋር አመሳክረን እናውቃለን?

እኔ በምኖርበት በለንደን እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው ወገኖች ወረቀታቸውን እንዳነብላቸው ያመጡልኛል። ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ የተከፈለበት ቁጥር ማንም ከቆጣሪ ያላነበበው መሆኑን ነው። «ኩባንያው የጻፈውን እኔ ምን ብዬ ልሟገት?» ይላሉ። መልሱ አጭር ነው፤ የግምት ሂሳብ ፍርድ አይደለም፣ መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ ነው።

ግምቱ ከየት ይመጣል? ኩባንያው ንባብ ካልደረሰው፣ ቤቱ ቀደም ሲል ከተጠቀመው መጠንና መሰል ደንበኞች በየወቅቱ ከሚያሳዩት አማካይ ፍጆታ ተነስቶ ያሰላል። ይህ በራሱ ሌብነት አይደለም። ችግሩ፣ ስሌቱ ቤቱን እንጂ ነዋሪውን አለማወቁ ነው። ስድስት ሰዎች ይኖሩበት የነበረውን ቤት አንድ ብቸኛ የሌሊት ሠራተኛ ቢከራየው፣ ግምቱ የቀድሞዎቹን ምድጃና ማሞቂያ ይዞ ሊቀጥል ይችላል። ቶሎ ቶሎ ቤት ለሚቀይር ስደተኛ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ሂሳቡ ላይ ከንባቡ ጎን ብዙ ጊዜ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ትኖራለች። «ኢ» ግምት፣ «ኤ» በትክክል የተነበበ፣ «ሲ» ደግሞ ደንበኛው ራሱ የላከው ማለት ነው። ለምሳሌ ወረቀቱ በግምት 24,650 ቢል፣ ቆጣሪው ግን በዚያው ቀን 24,310 ቢያሳይ፣ ልዩነቱ 340 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንዱ በ25 ፔንስ ቢታሰብ 85 ፓውንድ ይሆናል። ገንዘቡ በኋላ መስተካከሉ ባይቀርም፣ እስከዚያው ድረስ ደሃው ለኩባንያው ያለወለድ አበደረ ማለት ነው።

ግምቱ ሲያንስም ደስ አይበለን። ቆጣሪው የተነበበ ዕለት የተጠራቀመው ዕዳ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍጄም በ2018 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ አንድ ኩባንያ በወቅቱ በትክክል ሳያስከፍል የቀረውን፣ ከ12 ወር በላይ የሆነውን ፍጆታ ከቤተሰብ ደንበኛ መጠየቅ አይችልም። ደንበኛው ሆን ብሎ ቆጣሪው እንዳይነበብ ከከለከለ ግን ይህ ከለላ አይሠራለትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቤት በገባችሁበትና በለቀቃችሁበት ቀን ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ። በየወሩ ንባቡን ላኩ፤ ከነጥብ በኋላ ያለውን ወይም በቀይ የተጻፈውን አሃዝ ተዉት። ግምቱ ከራቀ፣ ሂሳቡ በትክክለኛው ንባብ እንደገና እንዲሠራ በጽሑፍ ጠይቁ። ክፍያ በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ዕዳ ያስከትላል እንጂ አይበጅም። አቤቱታችሁ በ8 ሳምንት ካልተፈታ ጉዳዩን ወደ ኢነርጂ ኦምቡድስማን መውሰድ ይቻላል፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ ውሳኔውንም እናንተ ከተቀበላችሁት ኩባንያው ይገደድበታል። ስማርት ሜትር አለኝ ብሎ መዘናጋትም አይገባም፤ መልእክት ማስተላለፍ ሲያቆም ሂሳቡ ወደ ግምት ይመለሳል።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ዝም ያለ ደንበኛ ኪስ ውስጥ ግን ግምት ይገባል። የተማርን ነን የምንል ሰዎች በየማኅበራችን ስለ ታላላቅ ጉዳዮች ከምንወያይበት ሰዓት ላይ ግማሿን ቀንሰን፣ ቆጣሪ ማንበብና አንዲት የአቤቱታ ደብዳቤ መጻፍ ብናሳይ የሚጎድልብን ነገር የለም። «ማስረጃህን አሳየኝ» ማለትን የለመደ ሰው፣ ነገ ይህንኑ ጥያቄ ለባለሥልጣንም ለማቅረብ አይፈራም።

ቸር ይግጠመን።