የድንጋይ ዕድሜ በምን ይታወቃል? ከጊዛ እስከ ይፋት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማበርን አልፎ በደብረ ሲና በኩል ሲወርድ የደጋው ብርድ እየለቀቀው ይሄዳል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የሚቀበለው ግራር፣ ማሽላና የሽንኩርት ማሳ ነው። በዚህ ቁልቁለት ግራና ቀኝ፣ ከአስፋልቱ በማይታዩ ተረተሮች ላይ፣ የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም ከተሞች ፍርስራሾች አሉ፤ ኖራ፣ አስበሪ፣ መሳል፣ ራሳ ጉባ። የይፋት ሱልጣኖች የነበሩት የወላስማ ነገሥታት መቃብርም እዚሁ ነው። ሽቅብ ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቅርስ አለ፤ ድንጋይ ተከምሮባቸው እንደ ኮረብታ ያበጡ መቃብሮች። እነዚህን ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነው፤ ዕድሜያቸው ስንት ነው?

ጥያቄው ለይፋት ብቻ የሚቀርብ አይደለም። የግብፅ ፒራሚዶችም ከመቶ ዓመታት በላይ ሲጠየቁበት ኖረዋል። መልሱ የተገኘበት መንገድ የራሳችንን መቃብሮችና ከተሞች ለመረዳት የሚያስፈልገን ትምህርት አለው። (ካልተገለጸ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ችግሩ የሚጀምረው ከድንጋዩ ነው። የጊዛ ፒራሚዶች የተሠሩበት የኖራ ድንጋይ በጥንታዊ ባሕር ወለል ላይ ከተፈጠረ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት ሆኖታል። የሸዋ ገደላገደል ጥቁር ድንጋይም ከእሳተ ገሞራ ከወጣ እንዲሁ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዘመን አሳልፏል። ድንጋዩን ወስዶ የሚመረምር የሥነ ምድር ባለሙያ የሚነግረን ዓለቱ መቼ እንደተፈጠረ ነው። ሰው ፈልጦ፣ ተሸክሞ፣ ግድግዳ ያደረገበትን ቀን ግን ድንጋዩ አይመዘግብም። ስለዚህ የሕንፃ ዕድሜ የሚፈለገው ከድንጋዩ አጠገብ ካሉ ነገሮች ነው፤ ከጽሑፍ፣ ከከሰል፣ ከአጥንት፣ ከገለባ፣ ከሸክላ ስባሪ።

ንጉሥ በነገሠ በስንተኛው ዓመት?

ግብፃውያን ብዙ ጽፈዋል። ሆኖም ዓመት የሚቆጥሩት እያንዳንዱ ንጉሥ ከነገሠበት ጊዜ እየጀመሩ ነበር። ንጉሡ ሲሞት ቁጥሩም አብሮ ያበቃና ለአዲሱ ንጉሥ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። በፒራሚዶቹ ዘመን ዓመቱ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ በአገሪቱ ከብት ቆጠራ ነበር፤ “ከእንዲህኛው ቆጠራ በኋላ ያለው ዓመት” ይባላል።

በ2013 ፈረንሳዊው ፒየር ታሌ የመሩት ቡድን በቀይ ባሕር ዳርቻ ዋዲ አል-ጃርፍ ላይ ያገኘው ፓፒረስ ይህን በግልጽ ያሳያል። ሜረር የተባለ የሠራተኞች አለቃ ከቱራ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ወደ ጊዛ እንዴት ያጓጉዝ እንደነበር ዕለት በዕለት መዝግቧል። መዝገቡ በንጉሥ ኩፉ የመጨረሻ ዓመታት የተጻፈ በመሆኑ ታላቁ ፒራሚድ የማን ሥራ እንደሆነ ከበቂ በላይ ይመሰክራል። ነገር ግን ኩፉ ከዛሬ ስንት ዓመት በፊት እንደነገሠ አይናገርም። ያንን ለማግኘት የነገሥታቱን ስም ዝርዝርና የግዛት ዘመን አንዱን ከሌላው እያያዙ ወደኋላ መቁጠር ያስፈልጋል። ከዝርዝሩ አንድ ስም ከጎደለ ወይም አንድ ግዛት ከረዘመ ስሕተቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ስለዚህ ከነገሥታቱ ዝርዝር ውጭ የሆነ ሌላ ምስክር አስፈለገ።

ሕይወት ያለው ነገር የሚይዘው ሰዓት

ያ ምስክር በ1940ዎቹ መጨረሻ ተገኘ። አሜሪካዊው ኬሚስት ዊላርድ ሊቢ በካርቦን 14 ዕድሜ መለካት እንደሚቻል አሳየና በ1960 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጂን ሲመታ ካርቦን 14 ይፈጠራል። ዕፅዋት ከአየር ይስቡታል፤ እንስሳትና ሰዎች ከምግብ ያገኙታል። ሕይወት እስካለ ድረስ የጎደለው ይተካል። ሞት ሲመጣ መተካቱ ይቆምና የቀረው በታወቀ ፍጥነት ይፈርሳል፤ በ5,730 ዓመት ግማሹ ያልቃል። በዚህ ስሌት ከ650 ዓመት በፊት የሞተ ሰው አጥንት ከመነሻው 92 በመቶ ገደማ ይዞ ይገኛል። በኩፉ ዘመን የታጨደ ገለባ ደግሞ 57 በመቶ ገደማ ይቀረዋል። በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን 14 መጠን ከዘመን ዘመን ስለሚለዋወጥ፣ የተገኘው ቁጥር ዕድሜያቸው በየዓመቱ ቀለበታቸው ከተቆጠረ ዛፎች ጋር እየተነጻጸረ ይታረማል።

ሊቢ ስልቱን ሲፈትሽ ከመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች አንዱ በሳቃራ ከሚገኘው ከንጉሥ ጆሰር መቃብር የተወሰደ የግራር እንጨት ነበር። የጆሰር ባለ ደረጃ ፒራሚድ ከግብፅ ፒራሚዶች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። የአዲሱ ሳይንስ መፈተኛ የሆነው ያ የግብፅ እንጨት ነው።

በ1984 ተመራማሪዎች ራሳቸውን ፒራሚዶቹን ለመለካት ተነሡ። በድንጋዮቹ መካከል በገባው የጄሶ ማጣበቂያ ውስጥ የከሰል ፍርፋሪ አለ፤ ሠራተኞቹ ጄሶውን ሲያቃጥሉ የቀረ ነው። ያንን ለቅመው ለኩት። ውጤቱ ከነገሥታቱ ዝርዝር በአማካይ 374 ዓመት የቀደመ ሆነ። በ1995 ተጨማሪ ናሙና ወስደው ሲደግሙት ልዩነቱ ጠበበ፤ ሆኖም ከ100 እስከ 200 ዓመት ያህል ቀረ።

ምክንያቱን ለመረዳት የሰሜን ሸዋን ቤት ማሰብ ይበቃል። አሮጌ ቤት ሲፈርስ የወይራው ምሰሶ አይጣልም፤ በአዲሱ ቤት ይቆማል። ያንን ምሰሶ የሚለካ ሰው የሚያገኘው ዛፉ የኖረበትን ዘመን ነው እንጂ ቤቱ የተሠራበትን አይደለም። ግብፅም እንጨት የሚያጥራት አገር ናትና ሠራተኞቹ ለማገዶ ያገኙትን ሁሉ አንድደዋል፤ የቆየውንም፣ ከሌላ ሕንፃ የፈረሰውንም። በ1872 ከታላቁ ፒራሚድ ውስጥ የወጣና ጠፍቶ የቆየ የዝግባ ስባሪ በስኮትላንድ በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ስብስብ ውስጥ ተገኝቶ ሲለካም ከ3341 እስከ 3094 ዓመተ ዓለም ሆኗል። ይህ ከኩፉ ዘመን 500 ዓመት ያህል ይቀድማል። ይህን ዓይነት ቁጥር ብቻውን አንሥቶ “ፒራሚዶቹ ከሚባለው በላይ ጥንታዊ ናቸው” ማለት ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም።

መፍትሔው ዕድሜው አጭር የሆነውን መምረጥ ነው። ዘር፣ ገለባ፣ ሣር፣ ቅርጫት፣ ጨርቅ በአንድ ወይም በሁለት ክረምት በቅለው ወዲያው ሥራ ላይ የዋሉ ናቸው። በ2010 በክሪስቶፈር ብሮንክ ራምሴ የተመራ ቡድን እንዲህ ያሉ 211 ናሙናዎችን ለካ። ውጤታቸውን ከነገሥታቱ ቅደም ተከተል ጋር በስታቲስቲክስ አዋሕዶም ጆሰር የነገሠው ከ2691 እስከ 2625 ዓመተ ዓለም ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑን አረጋገጠ። የታሪክ ጸሐፊዎቹ ስሌትና የቤተ ሙከራው ልኬት በስተመጨረሻ ተገናኙ።

ይፋት፦ ቀኑን ራሱ የጻፈ መቃብር

አሁን ወደ ይፋት እንመለስ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በዐረብኛ የጻፈው አል-ዑመሪ ይፋትን ከሀበሻ የሙስሊም ግዛቶች አንዱ አድርጎ ገልጾታል። ከ2000ዎቹ ጀምሮ ፍራንሷ-ግዛቪዬ ፎቬል፣ በርትራን ኢርሽ፣ አሜሊ ሼክሩን፣ የሥነ ምድር ባለሙያው ሎራን ብሩክሴል፣ ከኢትዮጵያውያን ደግሞ ደረሰ አየናቸውና ቻላቸው መስፍን በእነዚህ ተረተሮች ላይ አጥንተዋል። የሱልጣኖቹን ዋና ከተማና የወላስማን መቃብር የሚመለከተው ሰፊ ጥናት በ2017 ታትሟል።

ከመቃብሮቹ አንዱ የሰብረዲን ልጅ የዓሊ ነው። በዐረብኛ የተቀረጸው ጽሑፍ የሞተበትን ዘመን ይናገራል፤ 1373። እዚህ ላይ ይፋት ከጊዛ የሚበልጥበት ነገር አለ። ጽሑፉ የተከተለው የእስልምናው የሒጅራ አቆጣጠር ንጉሥ ሲሞት አይቋረጥም፤ ከአንድ ቋሚ መነሻ ተነሥቶ ሳይቆም ይቀጥላል። ዓመቱ በጨረቃ የሚቆጠር 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ከፀሐይ ዓመት ጋር ማመሳከር ብቻ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ የነገሥታት ዝርዝር ማያያዝ አያስፈልግም።

ጽሑፉ ብቻውንም አልቆመም። የዓሊ አባት ሰብረዲን በዐፄ ዐምደ ጽዮን የግዕዝ ዜና መዋዕል ውስጥ የንጉሡ ባላጋራ ሆኖ ይገኛል። የ15ኛው ክፍለ ዘመን የካይሮ ታሪክ ጸሐፊው አል-መቅሪዚም የወላስማን ትውልድ ዘርዝሯል። አንዱ ሌላውን ሳያውቅ የተጻፉ ሦስት ምስክሮች፣ የግዕዙ፣ የካይሮውና የመቃብሩ፣ ስለ አንድ ቤተሰብ ይናገራሉ።

ቢሆንም የመቃብር ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ሟቹ ነው። በአቅራቢያው ያለው መስጊድ፣ ቤትና የእርሻ እርከን ቀድሞም ሊሠራ ይችላል፤ ኋላም። ለእነሱ የየራሳቸው ማስረጃ ያስፈልጋል። ከግድግዳው መሠረት ሥር የቀረ ከሰል፣ ከምድጃ የተገኘ የእህል ፍሬ፣ በወለሉ ሥር የተቀበረ የሸክላ ስባሪ መልሱን ይይዛሉ።

ጽሑፍ የሌላቸው የደጋ መቃብሮች

በደጋው ያሉት የድንጋይ ክምር መቃብሮች ጽሑፍ የላቸውም። ፎቬልና በርትራን ፗሶኒየ ተተር ጉርንና መሻላ ማርያምን የመሳሰሉትን ቆፍረው በ2012 ባሳተሙት መጽሐፍ የሠሪዎቹን ባህል በሻይ ወንዝ ስም “የሻይ ባህል” ብለውታል። ዘመኑም ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሰዎቹ በክርስትናም በእስልምናም ሥርዓት አልቀበሩም፤ ከሙታኖቻቸው ጋር የሸክላ ዕቃ፣ ጌጣጌጥና የመስታወት ዶቃ አኑረዋል።

እዚህ ዘመኑን የሚናገሩት አጥንትና ዶቃ ናቸው። አጥንት በካርቦን 14 ይለካል። ዶቃው ደግሞ ከሩቅ አገር በንግድ የመጣ ነው፤ ዓይነቱ የተሠራበት ጊዜ ከታወቀ መቃብሩ ከዚያ በፊት ሊዘጋ እንደማይችል ያስረዳል። ከእናት ወደ ልጅ የሚወረስ ጌጥ ስለሆነ ግን መቃብሩ ምን ያህል ዘግይቶ እንደተዘጋ ሊነግረን አይችልም። በተጨማሪም በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሰዎች በተለያየ ጊዜ ከተቀበሩ መቃብሩ አንድ ሳይሆን ብዙ ዕድሜ አለው፤ የተሠራበት አለ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተበት አለ። ይህን መለየት የሚቻለው እያንዳንዱ አጥንትና ዶቃ የትኛው ንብርብር ላይ እንደነበረ ሲመዘገብ ብቻ ነው።

ዘመን መለካት ለምን ይጠቅማል?

ብዙ ጊዜ ዕድሜ የምንጠይቀው የእኛ ከሌላው ይቀድማል ለማለት ነው። ከዚያ የሚበልጥ ጥቅም አለው። በሸዋ ያሉትን የክርስቲያን፣ የሙስሊምና የድንጋይ ክምር ቅርሶች ዘመን ሳይሰጣቸው ያየ ሰው አንዱ ሕዝብ ጠፍቶ ሌላው የተተካ ሊመስለው ይችላል። ዘመናቸው ሲታወቅ ግን በ14ኛው ክፍለ ዘመን የዐምደ ጽዮን ክርስቲያኖች፣ የይፋት ሙስሊሞችና የድንጋይ ክምር መቃብር የሚሠሩት የደጋ ሰዎች በአንድ ዘመን፣ በአንድ ገደል ላይና ታች የኖሩ ጎረቤታሞች እንደነበሩ እናያለን። ተዋግተዋል፤ ተገበያይተዋልም። የሸዋን ታሪክ በአንድ ወገን መዝገብ ብቻ መጻፍ እንደማይቻል የሚያሳየን ይህ የዘመን መገጣጠም ነው።

ይህ ሁሉ እውቀት ግን በቀላሉ የሚበተን ነው። ወርቅ ይገኛል ብሎ መቃብር የሚቆፍር ሰው ብዙ ጊዜ ወርቅ አያገኝም፤ ከሰሉን፣ አጥንቱንና ንብርብሩን ግን ያደባልቀዋል። ድንጋዩን መልሶ መካብ ይቻል ይሆናል፤ የተደባለቀውን አፈር ወደ ቦታው የሚመልስ ቤተ ሙከራ ግን የለም። በ1992 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ለመቆፈር ፈቃድ እንዲጠየቅና በአጋጣሚ የተገኘም እንዲነገር የሚያዘው ለዚህ ነው። በማሳው፣ በመንገድ ሥራ ወይም በቤት መሠረት ቁፋሮ ላይ የተካበ ድንጋይ፣ አጥንት ወይም ጽሑፍ ያጋጠመው የይፋት ሰው ሥራውን ያቁም፤ ያገኘውን ከቦታው አያንሣ፤ ፎቶ አንሥቶ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ። የጆሰር ዘመን የታወቀው ከፒራሚዱ ድንጋዮች ሳይሆን በጥንቃቄ ከተጠበቁ ዘሮችና ገለባዎች ነው። የይፋት ዘመንም በዚያው መንገድ እንዲታወቅ አመዱና አፈሩ እንደ ድንጋዩ ሁሉ ቅርስ መሆናቸውን አምነን መጠበቅ አለብን።