ደራሲው አሳታሚም ሲሆን

ኢ-መጽሐፍን በራስ ማሳተም ደራሲው በአሳታሚ ድርጅት በኩል ሳያልፍ ፋይሉን ራሱ አዘጋጅቶ፣ ዋጋውን ራሱ ቆርጦ በኢንተርኔት መደብር ለሽያጭ የሚያቀርብበት አሠራር ነው። አሠራሩ የተስፋፋው አማዞን በ2007 እ.ኤ.አ. ኪንድል የተባለውን ማንበቢያ ለገበያ ሲያወጣ ደራሲዎች ሥራቸውን በቀጥታ የሚጭኑበትን መድረክ አብሮ በመክፈቱ ነው። በ2010 ደግሞ ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ለሚሸጡ መጻሕፍት የደራሲው ድርሻ ከ35 ወደ 70 በመቶ ከፍ አለ።

ይህ ድርሻ ግን የሥራ ዋጋ ነው። በአሳታሚ ቤት አርታኢው፣ አራሚው፣ የሽፋን ሠዓሊው፣ የሽያጭ ሠራተኛውና ሒሳብ ሹሙ የሚከፋፈሉት ሥራ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። አሜሪካዊቷ አማንዳ ሆኪንግ ልብ ወለዶቿን በ2010 በራሷ ማሳተም ጀምራ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሸጣለች። በ2011 ከታወቀ አሳታሚ ድርጅት ጋር ስትዋዋል ካቀረበቻቸው ምክንያቶች አንዱ በሳምንት አርባ ሰዓት ያህል ኢሜይል በመመለስ፣ ሽፋን በማስተካከልና አርታኢ በመፈለግ ማሳለፍ አለመፈለጓ ነበር። ደራሲው ሂዩ ሀዊ በበኩሉ «ዉል» (Wool) ለተባለው ልብ ወለዱ በ2012 የወረቀት ኅትመቱን መብት ብቻ ለአሳታሚ ሰጥቶ የኢ-መጽሐፉን መብት ለራሱ አስቀርቷል።

ለኢትዮጵያ ደራሲ ሸክሙ ሙሉ በሙሉ አዲስ አይደለም። ለማተሚያ ቤት ከፍሎ፣ መጽሐፉን ለመደብሮችና ለአዟሪዎች አከፋፍሎ፣ ገንዘቡን ዞሮ መሰብሰብ የቆየ ልምድ ነው። በኢ-መጽሐፍ የወረቀትና የማተሚያ ወጪ ይቀራል፤ የቀረው ድካም ወደ ኮምፒውተር ይዛወራል።

ሥራው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅና ማለቂያ የሌለው። ጀማሪዎች የሚደክሙት ሁለቱን ስለሚያደባልቁ ነው። አርትዖት፣ ሽፋንና የፋይል ዝግጅት ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባ አርትዖት ነው፤ ደራሲ የራሱን ስህተት አያይም። ሽፋኑ በመደብሩ ገጽ ላይ አውራ ጣት አክሎ ስለሚታይ ርእሱ በዚያ መጠን ሊነበብ ይገባል። ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ ኢፐብ በተባለው ቅርጽ ይዘጋጃል፤ ጽሑፉ እንደ ስክሪኑ ስፋት ስለሚጠብና ስለሚሰፋ ማውጫው በገጽ ቁጥር ሳይሆን ሲነካ ወደ ምዕራፉ በሚወስድ ማያያዣ ይሠራል። በ70 በመቶው ክፍያ ላይ አማዞን በአሜሪካ መደብሩ በየሜጋባይቱ 15 ሳንቲም የማድረሻ ሒሳብ ስለሚቀንስ፣ ፎቶ የበዛበት መጽሐፍ ትርፉን ይበላዋል። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሌላም ጣጣ አለበት። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ካልተለወጠ በአንባቢው ስልክ ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

ማለቂያ የሌለው ሥራ ገበያው ነው። እዚህ ላይ ጥረት ሳይሆን ሒሳብ ይቀድማል። በ2.99 ዶላር ከተሸጠ መጽሐፍ ለደራሲው የሚደርሰው ሁለት ዶላር ገደማ ነው። ማስታወቂያውን አንድ ሰው በነካ ቁጥር 30 ሳንቲም ከተከፈለና ከአሥር ነኪዎች አንዱ ብቻ ከገዛ፣ ሁለት ዶላር ለማግኘት ሦስት ዶላር ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ የሚያዋጣው በተከታታይ ክፍሎች ለሚወጣ መጽሐፍ ነው፤ የመጀመሪያው ለደራሲው ኪሳራ ቢሆንም፣ የገዛው አንባቢ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያለ ማስታወቂያ ሊገዛ ይችላል። በፈቃዳቸው የተመዘገቡ አንባቢዎች የኢሜይል ዝርዝርም ከማኅበራዊ ገጽ ተከታይ ይልቃል፤ ዝርዝሩ የደራሲው ነው፣ የገጹ ባለቤት ግን ሌላ ነው። ኬዲፒ ሴሌክት የተባለው የአማዞን ውል በ90 ቀን ውስጥ እስከ አምስት ቀን መጽሐፉን በነጻ ለማደል ያስችላል፤ በምላሹ ኢ-መጽሐፉ ሌላ ቦታ አይሸጥም። ካልተሰረዘ ራሱ ስለሚታደስ ቀኑን መመዝገብ ያሻል።

ጊዜን በተመለከተ የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው፤ አእምሮ ትኩስ የሆነበት ሰዓት ለጽሑፍ ይከበራል፣ ገበያው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ግማሽ ቀን ይሰጠዋል። ለአንባቢዎች የሚላኩ የወሩ መልእክቶች በአንድ ጊዜ ተጽፈው እንዲወጡ ቀን ይቆረጥላቸዋል። የሽያጭ ሰንጠረዥን በየሰዓቱ መክፈት ሥራ ይመስላል እንጂ ሥራ አይደለም።

ሒሳቡ የሚያዘው በየወሩ ነው። አማዞን የአንድን ወር ሽያጭ የሚከፍለው ወሩ ካለቀ ከ60 ቀን ገደማ በኋላ በመሆኑ፣ የዛሬ ማስታወቂያ ወጪ ከዛሬ ገቢ አይሸፈንም። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት፣ በአገር ቤት የሚኖር ደራሲ ከአሜሪካ ሽያጩ ከሚያገኘው ድርሻ ላይ 30 በመቶ አስቀድሞ ይቀነስበታል፤ ዋጋ ሲቆረጥ ይህም አብሮ መታሰብ አለበት።