በቤት የሚኖሩ ዓሦች በድንገት ሲሞቱ

ዓሣን በመስተዋት ሣጥን እያኖሩ መመልከት ለቤተ ሰብ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ነገር ግን ማታ በደኅና ሲዋኙ ያየናቸው በማለዳ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈው ሲገኙ ደስታው ወደ ኀዘን ይለወጣል። ይህ በእኔም ቤት ደርሷል። ከ7 ወርቃማ ዓሦች 4ቱ በአንድ ሌሊት አለቁ። ታናሺቱ ልጄ እያለቀሰች «አባባ፥ ማን ገደላቸው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ጎረቤታችን ወይዘሮ «ዓይን ነው» አሉ። እኔም የምመልሰው አጥቼ ዝም አልሁ።

ነገሩ ሲጣራ ገዳዩ እኔው ራሴ ኾኜ ተገኘሁ። በበዓሉ ዋዜማ ቤቱ ሲጠረግ የዓሦቹም ቤት ይጥራ ብዬ ውኃውን በሙሉ ደፍቼ፥ የማጣሪያውንም ሰፍነግ በቧንቧ ውኃ አጥቤ ነበርና። በቧንቧ ውኃ ለሰው ጤና ሲባል የሚጨመረው ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል።

ከዚህ የባሰም አለ። ዓሣ ከሚያወጣው ቆሻሻና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በሰፍነጉና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ይህን መርዝ ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ጕዳቱ አነስተኛ ወደ ኾነው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ይህን የተሕዋስያን ሥራ ሩሲያዊው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1890 ዓ.ም. ገልጦታል። እኔም ከሰፍነጉ ጋራ አጥቤ የጣልኋቸው እነዚህን አገልጋዮች ነበር። በአዲስ ሣጥን የገቡ ዓሦች ብዙ ጊዜ የሚሞቱት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተሕዋስያኑ እስኪበዙ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያኽል ይፈጃልና። አሞኒያ በዓይን ስለማይታይ የውኃው መጥራት ምስክር አይኾንም።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው የሞቱትን ፈጥኖ ያውጣ። የቀሩት ወደ ውኃው ፊት ወጥተው አፋቸውን የሚከፍቱ እንደ ኾነ አየር የሚያስገባውን ሞተር ያበርታ። ከውኃው ሩቡን ወይም ግማሹን ቀድቶ፥ የክሎሪን ማጥፊያ የተጨመረበትና ሙቀቱ የተካከለ ውኃ ይተካ። ውኃን በሰፊ ዕቃ ቀድቶ አንድ ቀን ማሳደር ክሎሪንን ያስወጣል፤ ክሎራሚን የተባለውን ግን አያስወጣም። ምግብ ለ1 ወይም ለ2 ቀን ይቅር። አሞኒያና ናይትራይት በመለኪያ ጠብታ ሲመረመሩ ሁለቱም ዜሮ ሊኾኑ ይገባል። ሰፍነጉም ከሣጥኑ በተቀዳ ውኃ ብቻ ይታጠብ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያኽል ከፍ ስላለች፥ በውኃዋ የሚሟሟው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያኽል ያንሳል፤ ስለዚህ በአንድ ሣጥን ዓሣ ማብዛት አይገባም። የዝንብና የትንኝ መድኃኒትም በዚያ ክፍል አይረጭ።

ሦስቱ ዓሦች እስከ ዛሬ አሉ። ልጄ ግን ውኃ በምቀይርበት ቀን ከአጠገቤ ቆማ ባልዲውን ትመረምራለች።