ስለ ዶሮ አንጀት በሚተረጎሙ ጽሑፎች ሦስት ስያሜዎች

አንድ ተርጓሚ ስለ ዶሮ አመጋገብ የተጻፈን ትምህርት ወደ አማርኛ ሲመልስ፣ «በትርፍ አንጀት ያሉ ጀርሞች ኃይል ሰጪውን ምግብ ያብላላሉ» ብሎ ጻፈ እንበል። ቃላቱ ሁሉ የተለመዱ ናቸው፤ አንባቢው አርቢ ግን ዶሮዋ ታማለች ብሎ መድኃኒት መፈለጉ አይቀርም። ጽሑፉ የሚናገረው ስለ ጤንነት ስለሆነ ሦስቱን ስያሜዎች በየተራ መመርመር ያሻል።

«ኃይል ሰጪ» ካርቦሃይድሬትን ለመተካት የገባ ነው። ይሁን እንጂ ካርቦሃይድሬት ሁሉ ለዶሮዋ በቀጥታ ኃይል አይሰጥም። የበቆሎ ስታርች በትንሹ አንጀት ተፈጭቶ ግሉኮስ ይሆናል። የገብስ ቤታ ግሉካንና የስንዴ አራቢኖዛይላን ግን ዶሮዋ ራሷ በምታመነጫቸው ኢንዛይሞች አይፈጩም። ከእነዚህ በውሃ የሚሟሙት የአንጀቱን ይዘት ያወፍሩታል፤ ንጥረ ምግብ በሚገባ አይሰርግም፤ ኩሱም ይጣበቃል። ገብስ በበዛበት መኖ ላይ ቤታ ግሉካንን የሚሰባብር ኢንዛይም የሚጨመረውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የወሉ ስም «ካርቦሃይድሬት» ሆኖ፣ የማይፈጨው ክፍል «አሰር» ቢባል ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል።

«ትርፍ አንጀት» የገባው በሲከም ፈንታ ነው። በአማርኛ ግን ይህ ስም፣ በታመመ ጊዜ ተቆርጦ የሚወጣውን የሰው አፔንዲክስ ያሳስባል። ዶሮ ትንሹና ትልቁ አንጀት ከሚጋጠሙበት ስፍራ የሚነሱ፣ ጫፋቸው የተደፈነ ሁለት ከረጢቶች አሏት። አሰር በአብዛኛው የሚብላላው በእነዚህ ውስጥ ስለሆነ ትርፍ ሊባሉ አይገባም። የላቲኑ ቃል ፍቺ «ዕውር» ነውና «ዕውር አንጀት» የተሻለ ይመስለናል።

«ጀርም» በዕለት ንግግር በሽታ አምጪን ብቻ ያመለክታል። በዕውር አንጀት የሚኖሩት ግን አብዛኞቹ ጠቃሚዎች ናቸው፤ አሰሩን አብላልተው አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክና ቡቲሪክ አሲድ ያስገኛሉ፤ ቡቲሪክ አሲድም የአንጀትን ግድግዳ ሕዋሳት ይመግባል። በአንጻሩ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ባክቴሪያ፣ ያልተፈጨ ምግብ በአንጀት ሲከማች ተራብቶ ግድግዳውን ሊያቆስል ይችላል። ስለዚህ የወሉ ስም «ረቂቅ ተሕዋስያን» ሆኖ፣ «ጀርም» ለበሽታ አምጪው ብቻ ቢቀር ይመረጣል።

እንግዲህ ዐረፍተ ነገሩ ሲታረም «በዕውር አንጀት የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አሰሩን ያብላላሉ» ይሆናል። ይህን ያነበበ አርቢ ከመድኃኒቱ በፊት መኖውን ይመረምራል።